የትንፋሽ ዘበኛ

ሻለቃ በዕድሜያቸው አንድም ቀን ወታደር ሆነው አያውቁም። ስሙን ያወጡላቸው የዱቄት መጋዘን ጫኝና አውራጆች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የዚያ መጋዘን ዘበኛ ሆነው ሲሠሩ፣ የመጋዘኑን ኃላፊ ራሱን እንኳ መታወቂያውን ካላሳየ አላሳልፍም ይሉ ስለነበር፣ አንድ ነገረኛ ጫኝ «ኧረ ሻለቃ፣ በሞቴ ይለፉን!» ብሎ ለከፋቸው፤ ስሙም በዚያው ተጣብቆ ቀረ። ጡረታ ሲወጡ በተሰጣቸው የምስጋና ወረቀት ላይ እውነተኛ ስማቸውን ሲያዩ «ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉ ይባላል። እኔ አላምንም፤ ግን ሲያወሩት ያምራል።

ብዙ ሰው ዘበኝነት ማለት በርጩማ ላይ ተጎልቶ ፀሐይ መሞቅ ይመስለዋል። ኧረ ተዉኝ! እንዲህ የሚሉ ሰዎች ሲያናድዱኝ! እስቲ አንድ ሌሊት ዓይናችሁን ሳትከድኑ አንድ በር ላይ ቁሙና ንገሩኝ። ሻለቃ ፈረቃቸውን ለሌላ ዘበኛ ሲያስረክቡ እንኳ ሥርዓት ነበረው። ተተኪያቸው ረጅሙ የሚባል፣ ቁመቱ በር የሚያስጎነብሰው ሰው ነው። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ ቁልፉን እየቆጠሩ፣ ማኅተሙን እያዩ ይቀባበሉ ነበር። ሻለቃ «አስረክቤያለሁ» ይላሉ፤ ረጅሙ ሁሉን አይቶ «ተረክቤያለሁ» ይላል። ይህቺ ቃል ካልተባለች ቤታቸው ቢቃጠል ንቅንቅ አይሉም። ከተባለች ደግሞ ያን ጊዜውኑ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ምንም ሳያስቡ፣ እያፏጩ ይሄዳሉ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ከረጢት ዱቄት አልጠፋም።

ሚስታቸው ካረፈች በኋላ የሚኖሩት ከአንድ ልጃቸውና ከባሏ ጋር ነው። ልጃቸው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪ ናት፤ አማቻቸው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር። ጡረታ በወጡ በአራተኛው ወር ልጃቸው ወለደች። ሴት ልጅ። ሻለቃ አዲስ ኮፍያ አድርገው ሆስፒታል ሲደርሱ በማዋለጃው ክፍል ያሉት ሴቶች ሁሉ ሕፃኗን ሲያወድሱ አገኟቸው። «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! አንዴም አላለቀሰችም እኮ!» ትላለች አንዷ። «የኔው ሲጮህ ጣሪያውን ሊያነሳው ነው፣ ይቺማ የታደለች!» ትላለች ሌላዋ። እናቲቱም ድካሟን ረስታ ፈገግ ትላለች።

ሻለቃ ግን አጎንብሰው አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ። ሕፃኗ አፏን ከፍታለች፣ ፊቷ ቀልቷል፣ ጡጫዋን ጨብጣለች፤ ድምፅ ግን የለም። በተነፈሰች ቁጥር ከአንገቷ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ወደ ውስጥ ስምጥ ትላለች፣ ቀጭን ፉጨት ቢጤም ይሰማል።

«ይቺ ልጅ እያለቀሰች እኮ ነው» አሉ ሻለቃ።

«ምን ይላሉ አባባ፣ ዝም ብላለች እኮ» አለች ሴትየዋ።

«እያለቀሰች ነው አልኩሽ! ሲስተር! ኧረ ሲስተር!»

ሲስተሯ መጥታ አንዴ አየቻት፤ ምንም ሳትናገር አንስታ እየሮጠች ወጣች። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያላየውን አያሳየው። የጉሮሮ ሐኪሟ ቀጭን ካሜራ በልጅቷ አፍ አስገብታ ማንቁርቷን አየች፤ በዚያው ሰዓትም አንገቷ ላይ ቀዳዳ አበጅታ ትንሽ ቱቦ ከተተችላት። ሕፃኗ የተረፈችው በዚያ ቱቦ ነው።

ዶክተሯ ቤተሰቡን ሰብስባ በወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳቻቸው። ልጅ በማሕፀን እያለ ማንቁርቱ መጀመሪያ ድፍን ነው፣ ኋላ ራሱ ይከፈታል። የዚች ልጅ ግን ጨርሶ ሳይከፈት ቀርቷል። በሁለቱ የድምፅ አውታሮች መካከል ወፍራም ሥጋ ተጋርዶ፣ ከኋላ ጭላንጭል የምታህል ቀዳዳ ብቻ ነው ያለችው። ለዚህ ነው ትንፋሽ ያጠራት፣ ለዚህም ነው ድምፅ የሌላት።

«ምን በልቼ ይሆን?» አለች እናት። «ከባድ ነገር አንስቼ ነው? ፋብሪካው ውስጥ ያለው ብናኝ ነው?»

«ምንም አላደረግሽም እህቴ። የማንም ጥፋት አይደለም። አሁን ብንነካው መልሶ ይጣበቃል፣ ጉሮሮዋ ገና የጣት ያህል እንኳ አይሆንም። ትንሽ ትደግ። ሁለት ዓመት ከምናምን ሲሆናት ያን ሥጋ እንቆርጠዋለን። እስከዚያ ድረስ በቱቦው ትተነፍሳለች። የእናንተ ሥራ እስከዚያ ማድረስ ነው።»

ከዚያ ሲስተሯ ቀጠለች፤ እሷ ደግሞ ነገር ማለስለስ አታውቅም። «ስሙኝ። ይቺ ልጅ ብታለቅስ አትሰሟትም። ቱቦው በአክታ ቢደፈንና ብትታፈን አትሰሟትም። ጆሯችሁን እርሱት። ይቺ ልጅ የምትጠበቀው በዓይን ነው። አንድ ሰው ሁልጊዜ፣ ሁልጊዜ ነው የምላችሁ፣ ዓይኑ እሷ ላይ መሆን አለበት። ሽንት ቤት ልሂድ፣ ወጥ ልይ፣ ስልክ ላንሳ የለም።»

እናት እንባዋ ጠብ ጠብ አለ። ሻለቃ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ጠየቁ።

«በስንት ፈረቃ ነው የሚሠራው?»

ሲስተሯ መጀመሪያ የቀለዱ መስሏት ቆጣ ልትል ነበር። ፊታቸውን ስታየው ግን ቀስ ብላ ሳቀች። ከብዙ ቀን በኋላ በዚያ ክፍል ውስጥ የተሰማ ሳቅ እሱ ነው።

እንግዲህ ቤቱ የጥበቃ ቦታ ሆነ። ሻለቃ በቤቱ ግድግዳ ላይ የፈረቃ ወረቀት ለጠፉ፤ የአማቻቸውን የአውቶቡስ ሰዓት፣ የልጃቸውን የፋብሪካ ሰዓት አይተው ክፍተት በሌለበት አከፋፈሉት። ቀኑን ሙሉ የያዙት እሳቸው ናቸው። ከልጅቷ አልጋ ራስጌ ላይ ምስማር መትተው የብስኩት ቆርቆሮ ሰቀሉ፤ በውስጡ ትርፍ ቱቦ፣ መቀስ፣ የአንገት ማሰሪያ ተቀመጠ። አክታ መምጠጫው መብራት ሲጠፋ የሚቆም ነበርና፣ ሐኪም ቤቱን ለምነው ነዝንዘው በእግር የሚረገጥ አመጡ። ጉሮሮዋ እንዳይደርቅ ቱቦው ላይ የምትደረገውን እርጥብ ፋሻ በየሰዓቱ ይቀይራሉ። ያም ሁሉ ደህና፤ ቤተሰቡን ያስመረረው ርክክቡ ነው።

አማቻቸው ከሥራ ገብቶ «አባባ፣ በቃ አሁን እኔ አለሁ፣ ይረፉ» ይላል። ሻለቃ ንቅንቅ የለም።

«እሺ፣ እኔ አያታለሁ አልኩ እኮ።»

ሻለቃ ፋሻዋን ያስተካክላሉ።

«ኧረ አባባ!»

«ደረቷን አየህ?»

«አየሁ።»

«ማሰሪያዋ ውስጥ አንድ ጣት ይገባል?»

«ይገባል።»

«ቱቦው ምን ይላል?»

ምስኪን አጎንብሶ ይሰማል። «ንጹሕ ነው፣ አይንኮራኮርም።»

«እና ምን ትላለህ?»

«ተረክቤያለሁ፣ ተረክቤያለሁ! ወይ አበሳዬ!»

ያኔ ብቻ ይነሳሉ። ጠያቂ ሲመጣም ልጅቷን እያዩ ነው የሚያወሩት፤ እንግዳን ቀና ብለው አያዩም፣ ሲሄድም አይሸኙም። «ሰውየው ኩራት ጀመራቸው» ያለ ጎረቤትም አልጠፋ። ይበል! እኔ ግን ያን ቤት በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ገብቼ ካየኋቸው በኋላ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ስመለስ እንዲያው በዚያችው ወንበር ላይ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው ሳገኛቸው፣ ኮፍያዬን ነው ያነሳሁላቸው።

ልጅቷን «አለቃ» ነው የሚሏት። ማዘዝ ያወቀችው ገና በአሥር ወሯ ነበር፤ ጣቷን ቀስራ ትጠቁማለች፣ ሻለቃ «አቤት አለቃ» ብለው ያቀርባሉ። ድምፅ የሌለውን ሳቋን ከትከሻዋ ንቅናቄ ለዩት። የራብ ልቅሶዋን፣ የእንቅልፍ ልቅሶዋን፣ የእልህ ልቅሶዋን ከከንፈሯ ለዩት። ዓመት ተኩል ሲሆናት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች «አባባ» ስትል እሳቸው ብቻ ናቸው ያዩት፤ እናቷ አላመነችም። አንድ ሳምንት ሙሉ ተኳርፈዋል በዚህ ነገር።

አንድ ነገር ግን ይፈሩ ነበር። ቱቦው በየቅዳሜው ወጥቶ በንጹሕ ይቀየራል፤ የምትቀይረው እናቷ ናት። ሻለቃ እግሯን ይይዙና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ሲስተሯ በአሻንጉሊት ላይ ደጋግማ አስተምራቸዋለች፤ አሻንጉሊቱ ላይማ ጎበዝ ናቸው። አንድ ስሕተት ግን አልለቃቸው ብሎ ነበር፤ ቱቦው የሚገባው በውስጡ ማስገቢያ ዘንግ ይዞ ነው፣ እንደገባ ዘንጉ መውጣት አለበት፣ አለዚያ ራሱ ይደፍነዋል። እሳቸው ቱቦውን ከተው እፎይ ይላሉ። «ዘንጉ! አባቴ፣ ዘንጉ!» ትላለች ሲስተሯ እየጮኸች። «ልጅቷን እንዳያፍኗት!»

«እሱን ለእናቷ ተይው ሲስተር» ይላሉ። «እነዚህ ጣቶች ለቁልፍና ለዱላ የተሠሩ ናቸው። የሷ አንገት እኮ የኔን አውራ ጣት አያክልም።»

«አንድ ቀን ብቻዎን ይሆናሉ አባቴ» አለቻቸው።

አለቃ ዓመት ከአሥር ወር ሲሆናት ነው ነገሩ የሆነው። ማክሰኞ ነው፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ግድም። እናት ፋብሪካ፣ አባት አውቶቡሱ ላይ። ልጅቷን ጉንፋን ቢጤ ጀማምሯት አክታዋ ወፈር ብሏል፤ ሻለቃ ከወትሮው ሁለት እጥፍ እየመጠጡላት አርፍደዋል። በሩ ተንኳኳ። ረጅሙ ነው፤ ከኋላው ደግሞ፣ ወይ ጉድ፣ የመጋዘኑ ኃላፊ ራሱ! በሠላሳ አንድ ዓመት ቤታቸውን ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ ሙዝና ብርቱካን ይዞ፣ ኮቱን ቆልፎ።

ሻለቃ ደነገጡ፣ ደስም አላቸው። እንዲያም ሆኖ ዓይናቸውን ከልጅቷ ሳያነሱ ነው ያስተናገዷቸው። ኃላፊው ስለ አዲሶቹ ዘበኞች እያማረረ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጠና ለመሄድ ተነሳ። ሻለቃም «ይቅርታ ጌታዬ፣ መሸኘት እንኳ አልችልም፣ ከዚህ አልነቃነቅም» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ረጅሙ ወንበሩን ሳብ አድርጎ አልጋው አጠገብ ተቀመጠና፣ እንደ ድሮው፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣

«ተረክቤያለሁ ሻለቃ! ሂድ» አለ።

ፈረደባቸው! ሌላ ሰው «እኔ አለሁ» ቢላቸው አይሰሙትም ነበር። ይህ ግን ያ አፍ ነው፣ ያቺም ቃል ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ያልዋሸቻቸው። ጭንቅላታቸው ሳያስብበት እግራቸው ተነሳ። ደረቷን አየህ አላሉም፣ ማሰሪያውን አላሉም፣ ቱቦው ምን ይላል አላሉም። ጀርባቸውን ሰጥተው ከኃላፊው ጋር ወጡ።

በግቢው በር ላይ ኃላፊው እጃቸውን ያዘና «እውነቴን ነው የምልህ፣ አንተን የመሰለ ሰው አላገኘንም፤ ያኔ መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም» አላቸው። ሻለቃ ሰው ናቸውና ትንሽ ቆም ብለው ሰሙት። ሦስት፣ አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሸኝተው ሲመለሱ፣ ገና ከበሩ፣ ረጅሙን አዩት፤ ወገቡን ቀጥ፣ ዓይኑን ፍጥጥ አድርጎ፣ ነቅቶ፣ ፊት ለፊት ወደ እሳቸው እየተመለከተ። «ሁሉ ሰላም ነው» አላቸው።

ሻለቃ ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ዘበኛ የሚጠብቀውን ነገር አያይም እኮ! ዱቄት ምን ይታያል? ዘበኛ ለሚጠብቀው ነገር ጀርባውን ሰጥቶ ዓይኑን በሩ ላይ ይተክላል፤ ሌባ የሚመጣው በበር ነውና። ረጅሙ ሥራውን ነው የሠራው። በትክክል ነው የሠራው። አለቃን ከጀርባው አድርጎ በሩን እየጠበቀ ነበር።

ገፍተውት አለፉ። ልጅቷ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ዓይኗ ወደ ላይ ሄዷል፣ አንዱ እጇ አንሶላውን እንደጨበጠ ቀርቷል። (ረጅሙ ኋላ ሲናገር፣ ከጀርባው አልጋው ሲንኳኳ ሰምቶ ነበር፤ የምትጫወት መስሎት።) ሻለቃ መምጠጫውን አነሱ፣ በእግራቸው ረገጡ፣ ቀጭኗን ቧንቧ ቱቦው ውስጥ ከተቱ፤ አትገባም። ደፍኖታል፣ ድርግም አድርጎ። እንደገና ሞከሩ። አትገባም።

«ምን ልሥራ? ምን ልሥራ?» ይላል ረጅሙ ቆሞ።

«ትከሻዋን ያዝ! እኔን አትይ፣ እሷን እይ!»

ቆርቆሮውን ከምስማሩ ነቀሉት። መቀሱን አወጡ፣ ማሰሪያውን ቆረጡ፣ የተደፈነውን ቱቦ መዘው ጣሉት። አንገቷ ላይ የቀረችው ቀዳዳ የሸሚዝ ቁልፍ ማስገቢያ ብታክል ነው። ትርፉን ቱቦ አነሱ። አንዴ ሞከሩ፣ ዳር ነካና ተንሸራተተ። «በስመ አብ» አሉ፤ ከዚያ እንደ አሻንጉሊቷ አስበው ቁልቁል እያጎነበሱ ገፋ አደረጉት። ገባ! ገብቶም አየር የለም። ደረቷ አይነሳም። ከንፈሯ ጭራሽ አመድ መሰለ። ሻለቃ ነፍስና ሥጋቸው ሊላቀቅ ነው፤ ገብቷል እኮ፣ ምንድነው፣ ምንድነው፣ ገብቷል እኮ!

ዘንጉ!

ዘንጉን መዘው ሲያወጡት ልጅቷ አንዴ ሳለች፤ ድፍን ያለ አክታ በቱቦው ወጥቶ ሸሚዛቸው ላይ ተለጠፈ። ሽው አለ አየሩ። ደግሞ ሽው አለ። ቀስ በቀስ ከከንፈሯ ጀምሮ ደም ተመለሰ። አፏን ከፍታ፣ ድምፅ በሌለው በዚያ ልቅሶዋ፣ አነባችው። ሻለቃ አንድ ጣታቸውን አስገብተው ማሰሪያውን አሰሩላት፤ ከዚያ መሬት ላይ ዘጭ አሉ። ዓይናቸውን ግን አልነቀሉም።

ረጅሙ ግድግዳው ሥር ሆኖ እንደ ልጅ ያለቅሳል። «ገደልኳት፣ ሻለቃ፣ ገድያት ነበር።»

«ዝም በል» አሉት። «አንተ ምንም አላደረግክም። ያስተማሩንን ነው የሠራኸው። ምን እንደሚረከብ ሳልነግረው ለሰው ያስረከብኩ እኔ ነኝ።»

ታክሲ ጠርተው ሆስፒታል ወሰዷት። ሲስተሯ ቱቦውን ዞር ዞር አድርጋ አየች፣ ማሰሪያውን በጣቷ ለካች፣ ደረቷን አዳመጠች። «ማነው የቀየረው?» አለች። ሻለቃ እጃቸውን አነሱ፤ እንደ ተማሪ። ሲስተሯ፣ ያቺ ነገር ማለስለስ የማታውቅ ሴት፣ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመችው።

ማታ ልጃቸው ከሥራ ስትገባ ቆመው ጠበቋት። አንዲት ነገር ሳይደብቁ ነገሯት፤ መነሳታቸውን፣ ጀርባ መስጠታቸውን፣ በር ላይ ምስጋና ሲሰሙ መቆየታቸውን። ዘንጉን እንኳ አልደበቁም። «ከጥበቃው አንሺኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሌላ ሰው ፈልጊ።»

ልጃቸው ጮኸችባቸው። «ለምስጋና ብለህ? ለዚያ ኃላፊ? አባዬ፣ አንተ? አንተ!» አለች። ሻለቃ ቀና ብለው አላዩዋትም። እሷም ልጇን ታቅፋ ክፍሏ ገባች፣ ራትም አልበላችም። አማትና አማች ያን ምሽት ሻይ ይዘው እርስ በርስ ሳይተያዩ ተቀመጡ።

ጠዋት ሾፌሩ ገና ሳይነጋጋ ወጥቷል። ሻለቃ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ወንበሩን ለቀው፣ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ልጃቸው ቦርሳዋን አንግታ ልጅቷን አልጋ ላይ አስቀመጠችና ፊታቸው መጥታ ቆመች። ዓይኗ አብጧል።

«አስረክቤያለሁ» አለች።

«ሌላ ሰው ፈልጊ አልኩሽ እኮ ልጄ።»

«ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ትናንት ልጄን እቀብር ነበር። ያጠፋኸውም አንተ ነህ፣ ያተረፍካትም አንተ ነህ። ሁለቱንም አውቃለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነው ያደርኩት። ገና ተናድጄብሃለሁ። ከአንተ ሌላ ግን በዓይኑ የማምነው ሰው የለኝም።» ሰዓቷን አየች። «ተረከበኝ አባዬ፣ ሰርቪሱ ሊያመልጠኝ ነው።»

ሻለቃ ወደ አልጋው ሄደው አጎነበሱ፤ ደረቷን አዩ፣ ማሰሪያዋን አዩ፣ ጆሯቸውን ጣሉ። «ተረክቤያለሁ» አሉ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የቅዳሜውን ቱቦ የሚቀይሩት እሳቸው ሆኑ። ረጅሙም ሲስተሯ ዘንድ ሄዶ ተምሮ፣ በየእሑዱ እየመጣ ለሁለት ሰዓት ይረከባቸው ጀመር፤ ጀርባውን በሩ ላይ፣ ፊቱን ልጅቷ ላይ አድርጎ። በሩ ሲንኳኳ እንኳ ዞር አይልም፤ ቢዘረፉ የማይሰማው ሰው ሆነ።

አለቃ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሲሆናት ቀኑ ደረሰ። ዶክተሯ ያን የተጋረደ ሥጋ በቀጭን መሣሪያ ቆረጠችው፤ መልሶ እንዳይጣበቅም በመካከሉ ስስ መለያ አስቀመጠች። መለያው ወጥቶ ቁስሉ እስኪሽር ሌላ ሳምንታት። ከዚያም አንድ ጠዋት ሁሉንም ጠራቻቸው። የቱቦውን አፍ በትንሽ ክዳን ልትዘጋው ነው፤ ጉሮሮዋ በእርግጥ ከተከፈተ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል። ካልተከፈተ ክዳኑ ወዲያው ይነሳል፤ ወደ ነበረበት ይመለሳሉ፣ ምናልባት ለዓመታት።

ክፍሏ ትንሽ ናት። እናት አባትን ይዛለች፣ አባት የአልጋውን ብረት። አለቃ ሻለቃ ጭን ላይ ተቀምጣለች፤ ከሌላ ሰው ጋር አልቀመጥም ብላ። ዶክተሯ «አሁን» አለችና ክዳኑን ገጠመችው።

ልጅቷ ደነገጠች። ቱቦው ከገባላት ጀምሮ በአፏ ተንፍሳ አታውቅምና አየሩ ሌላ መንገድ ሲሄድ ግራ ገባት። ዓይኗ ፈጠጠ፣ እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። የሻለቃ ጣቶች ሳያዙአቸው ወደ ክዳኑ ተዘረጉ፤ ዶክተሯ እጃቸውን ቀስ ብላ ያዘች። «ደረቷን ይዩ» አለቻቸው። አዩ። ይነሳል። ይወርዳል። ይነሳል።

ከዚያ አለቃ ፊቷን አጨማደደች፣ አፏን ከፈተች፣ አለቀሰች። ክፍሏን የሞላ፣ ሻካራ፣ እንደ ዛገ በር ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ወጣ።

ወዲያው ዝም አለች። ዞር ብላ እናቷን አየች። አባቷን አየች። ዶክተሯን፣ በሩን፣ ከአልጋው ሥር ሳይቀር አጎንብሳ አየች። ማን እንዳለቀሰ እየፈለገች ነበር።

ሻለቃ ደረታቸው ላይ አስጠጓት፤ እንባቸው በሽበታቸው ላይ ይወርዳል፣ አልጠረጉትም።

«አንቺ ነሽ እኮ አለቃዬ» አሏት። «አንቺው ነሽ።»

ቀና ብላ አየቻቸው። ትንሽ አሰበች። ከዚያ አፏን እስከ ጥግ ከፍታ ሆን ብላ እሪ አለች፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ምን ሆነ ብሎ እየሮጠ መጣ፣ ማንም ግን ዝም በይ አላላትም።